የማንቸስተር ትዝታ፤ ታሪኳን ማን ጻፈላት?

ማንቸስተር የሚለው ስም በተጠራ ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ቶሎ ብሎ የሚያስበው የእግር ኳስ ቡድኖችዋን ነው። ቅዳሜና እሑድ በየቡና ቤቱ የሚነሣው ክርክር ይህንኑ ይመሰክራል። ነገር ግን ይህች በእንግሊዝ አገር ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ ከተማ በኳስ ስሟ ከመጠራቱ አስቀድሞ ለዓለም ሌላ ነገር አስተምራ ነበር። ይኸውም በእጅ ይሠራ የነበረውን ሥራ በእንፋሎት ኃይል በሚንቀሳቀስ መኪና መሥራትን፤ ከዚሁም ጋራ የሰው ልጅ በፋብሪካ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲኖር የሚያገኘውን ጥቅምና የሚደርስበትን መከራ ነው።

እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን፤ ይልቁንም ለተማሪዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ለጀመሩት ወጣቶች ልናቀርብ ያሰብነው የማንቸስተርን የሀብት ታሪክ ብቻ አይደለም። የሀብቱን ታሪክ የነጋዴዎች መዝገብ ጠብቆታል። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ሌላ ጥያቄ ነው። መዝገብ ያልነበራቸው ሰዎች፤ ማለት ፈታዮች፤ ሸማኔዎች፤ ከሰል ተሸካሚዎችና ልብስ አጣቢዎች ያዩትና የደረሰባቸው ነገር ሳይጠፋ የቀረው እንደምን ነው? ያቆየውስ ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጥጥ ያነሣት ከተማ

የማንቸስተር አካባቢ ዝናምና ጉም የማይለየው ነው። ይህ ለእንግዳ የማያስደስት አየር ለጥጥ ሥራ ግን እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ጥጥ በሚፈተልበት ጊዜ አየሩ ደረቅ የሆነ እንደ ሆነ ክሩ ይበጠሳል፤ እርጥበት ያለው የሆነ እንደ ሆነ ግን ይለዝባል። ከዚህም በላይ የድንጋይ ከሰል በቅርብ ነበረ። በ1761 የብሪጅዎተር መስፍን ከዎርስሊ የከሰል ጉድጓዱ ወደ ማንቸስተር የሚያደርስ የጀልባ ቦይ ባስከፈተ ጊዜ በከተማዪቱ የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። ጥሬው ጥጥ የሚራገፍበት የሊቨርፑል ወደብም ሩቅ አልነበረም። በ1830 በወርኃ ሴፕቴምበር ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ተመረቀ። በዚያው በምረቃው ቀን ዊልያም ሀስኪሰን የተባሉት የታወቁ የፓርላማ አባል በባቡሩ ተገጭተው ሞቱ። የአዲሱ ዘመን ደስታና ሐዘን እንደዚህ በአንድ ቀን ተያይዘው መጡ ማለት ነው።

እናቶቻችን በእንዝርት ሲያሾሩ የሚውሉትን ክር፤ በዚያ አገር አንድ መኪና ከሺህ የሚበልጡ እንዝርቶችን አንድ ላይ እያሾረ ይፈትለው ጀመር። በ1801 የማንቸስተር ሕዝብ ከ80 ሺህ የማይበልጥ ነበር፤ በ1851 ግን ከ300 ሺህ በላይ ሆነ። በ1853 በከተማዪቱ ውስጥ 108 የጥጥ ፋብሪካዎች ይቆጠሩ ነበር። አንኮትስ በተባለው ሠፈር ፋብሪካው፤ የሠራተኛው ቤትና የጀልባው ቦይ አንድ ላይ ተጣበው ቆመው፤ የጭስ ማውጫው ብዛት ሰማዩን ያጠቁረው ነበር።

ነጋዴዎቹ የሚሰበሰቡበት ታላቅ አዳራሽ ሮያል ኤክስቼንጅ ይባላል። የጥጥና የፈትል ዋጋ በዚያ ይቆረጥ ነበር። የጥጡ ንግድ እየደከመ ሄዶ በ1968 ገበያው ተዘጋ፤ ከ1976 ጀምሮም አዳራሹ ቲያትር ቤት ሆነ። ይሁን እንጂ የመጨረሻው የገበያ ቀን ዋጋ የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳ ከግድግዳው አልወረደም። ቲያትር ለማየት የሚገባው ሰው ሁሉ ቀና ቢል የዚያን ቀን ዋጋ ያነባል። የነጋዴው ትዝታ እንደዚህ ከፍ ባለ ቦታ ተሰቅሎ ተቀምጧል፤ የሠራተኛው ትዝታ ግን የሚሰቀልበት ግድግዳ አልነበረውም።

የጧት ቀስቃሽና የከንፈር ንግግር

የሠራተኛው ቀን የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ሰዓት ለመግዛት አቅም ላልነበራቸው ቤተ ሰቦች በየሠፈሩ አንድ ቀስቃሽ ነበረ። ይህም ሰው ረዥም ዘንግ ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የመኝታ ቤቱን መስኮት ያንኳኳል፤ በሳምንትም ጥቂት ሳንቲም ይከፈለዋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በጫማ ድምፅ ይሞላል። ሠራተኛው የሚጫማው ሥሩ እንጨት ሆኖ ብረት የተመታበት ጫማ ስለ ነበረ፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ ሽማግሌዎቹ እስኪሞቱ ድረስ ከጆሮአቸው አልጠፋም።

በሽመናው ቤት ውስጥ ደግሞ የመኪናው ጩኸት ሰው ከሰው እንዳይሰማማ ያደርግ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ሸማኔዎች ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን አጉልተው በማንቀሳቀስ መነጋገርን ለመዱ። በላንክሻየር ሰዎች አነጋገር ይህ ሚሞ ይባል ነበር። ከብዙ ዘመን ሥራ በኋላ ጆሮአቸው የደነቆረ አሮጊቶች መንገድ ለመንገድ ተራርቀው ቆመው ያለ ድምፅ ሲጫወቱ ይታዩ ነበር ይባላል። ከሠራተኛው ችግር የተወለደ ቋንቋ ነው፤ በየትኛውም የንግድ መዝገብ ውስጥ ግን አልተጻፈም።

የልጆቹም ነገር ሊነሣ ይገባል። ግማሽ ቀን በፋብሪካ፤ ግማሽ ቀን በትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆች ነበሩ። ገና ከጧቱ ሥራ የደከመው ልጅ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያንቀላፋል። ይህ የግማሽ ቀን ሠራተኝነት እንዲቀር የተወሰነው በ1918 በወጣው የትምህርት ሕግ ነው። ዛሬ ጠዋትና ማታ ደብተር ይዞ የሚመላለስ ተማሪ ይህን ሲያነብ፤ አንድ የሕግ አንቀጽ በአንድ ሕፃን ዕድሜ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ሳያስተውል አይቀርም።

ስለዚህ ኑሮ መጀመሪያ የጻፉት ከውጭ ያዩት ሰዎች ናቸው። በ1842 ፍሬድሪክ ኤንግልስ የተባለ የ22 ዓመት ጀርመናዊ በአባቱ ድርጅት ሊሠራ ወደ ማንቸስተር መጣ። ሜሪ በርንስ የተባለች የአየርላንድ ተወላጅ ሠራተኛ በድኆች መንደር እየመራች አሳየችው፤ እርሱም ያየውን በ1845 በመጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት በጋ ከካርል ማርክስ ጋራ በ1653 በተቋቋመው በቼታም ቤተ መጻሕፍት ሲያጠኑ የተቀመጡበት መስኮት ሥር ያለው ቦታ ለጎብኚዎች ይታያል። በ1848 ደግሞ የአንድ ቄስ ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ ኤሊዛቤት ጋስኬል የሠራተኛውን ችግር የሚገልጥ ሜሪ ባርተን የተባለ ልብ ወለድ አሳተሙ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ሆኖም ስለ ሠራተኛው ተናገሩ እንጂ ሠራተኛው ራሱ አልተናገረም።

ሠራተኛው ራሱ ሲናገር ለመስማት ብዙ ዘመን ፈጀ። ከማንቸስተር በወንዝ ብቻ በምትለየው በሳልፎርድ በ1905 የተወለዱት ሮበርት ሮበርትስ እናታቸው በድኆች ሠፈር አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው። ማን በዱቤ እንደሚወስድ፤ ማን የእሑድ ልብሱን ሰኞ በመያዣ አስቀምጦ ቅዳሜ እንደሚያወጣ ሁሉ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ሆነው ተመልክተዋል። ይህንን ሁሉ በ1971 ባወጡት ክላሲክ ስላም በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ጻፉት። ከዚህ መጽሐፍ የምንማረው ድኾች በድህነታቸው አንድ ዓይነት እንዳልነበሩ ነው፤ በአንድ መንገድ ላይ እንኳ የበላይና የበታች፤ የተከበረና የተናቀ ነበረ። ከውጭ ያየ ሰው ይህንን ሊያውቀው አይችልም።

በሜዳው ላይ የፈሰሰ ደም

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ትዝታ እንመለስ። በ1819 ማንቸስተር ይህን ያህል ሕዝብና ሀብት ሲኖራት በፓርላማ የራስዋ እንደራሴ አልነበራትም። የእህል ዋጋ ተወዷል፤ የሸማኔው ዋጋ ወርዷል። በኦገስት 16 ቀን ሴንት ፒተርስ ፊልድ በተባለው ሜዳ ላይ 60 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ሄንሪ ሀንት የተባሉትን ተናጋሪ ለመስማትና የምርጫ መብት ለመጠየቅ ተሰበሰበ። በየመንደሩ ተሰልፎ፤ ሰንደቅ ይዞ፤ ሚስትና ልጆቹን አስከትሎ የመጣ ሕዝብ ነበር። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ነጭ ለብሰው ነበር።

የከተማዪቱ ዳኞች ሜዳውን ከሚያሳይ ቤት ሆነው ይመለከቱ ነበርና ፈሩ። ተናጋሪው እንዲያዝ አዘዙ፤ ወዶ ዘማች ፈረሰኞችም ሰይፍ መዘው በሕዝቡ መካከል ገቡ። ቀጥሎም የመንግሥቱ መደበኛ ፈረሰኛ ጦር ተከተለ። የመጀመሪያው ሟች ከእናቱ ክንድ ላይ የወደቀው የሁለት ዓመቱ ሕፃን ዊልያም ፊልድስ ነው። ከሟቾቹም አንዱ ጆን ሊስ የሚባል የኦልደም ሰው፤ ከአራት ዓመት በፊት በዋተርሎ ጦርነት ለእንግሊዝ ተሰልፎ የተዋጋ ወታደር ነበር። ስለዚህ አንድ ጋዜጣ የሜዳውን ስምና የጦርነቱን ስም አጋጥሞ ነገሩን ፒተርሉ አለው። ሀንት ከሁለት ዓመት በላይ ታሰሩ፤ ፓርላማውም በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባንና ጋዜጣን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ። ማንቸስተር ሁለት እንደራሴ ለመላክ የበቃችው በ1832 ነው።

በዚያን ጊዜ የቆሰሉትን ለመርዳት ገንዘብ የሰበሰቡ ሰዎች፤ ርዳታውን ለማከፋፈል ሲሉ የእያንዳንዱን ሰው ስም፤ መንደርና የቁስሉን ዓይነት ጻፉ። ወደ 700 የሚጠጋ ሰው መቁሰሉን የምናውቀው በዚህ ዓይነት ዝርዝር ነው። ከ65 ዓመት በኋላ በ1884፤ ያን ቀን በሜዳው የነበሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ፌልስዎርዝ በተባለ መንደር ተሰብስበው ፎቶግራፍ ተነሡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው ነው።

ከተማዪቱ ግን በይፋ ያስታወሰችው በምን ዓይነት ቃል ነበር? በሜዳው ላይ በተሠራው ፍሪ ትሬድ ሆል በተባለው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በ1972 አንድ ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰሌዳው ሀንት ለ60 ሺህ ሰው መናገራቸውን፤ ከዚያም ሕዝቡ በወታደር መበተኑን ይገልጣል። ሰው ስለ መሞቱ አንድም ቃል የለበትም። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ሕዝቡ በእርግጥ ተበትኗል። ነገር ግን ሰይፉ፤ ሟቹና ቁስለኛው መበተን በምትለው በአንዲት ቃል ውስጥ ተሸፍነው ቀሩ። የከተማዪቱ ተወላጆች ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው፤ በ2007 ስብሰባው ሰላማዊ እንደ ነበረና ፈረሰኞች ጥቃት እንዳደረሱበት፤ 15 ሰው እንደ ሞተ በግልጥ የሚናገር ቀይ ሰሌዳ ተተካ። በ2019፤ ሁለት መቶኛው ዓመት ሲከበር፤ በአቅራቢያው የድንጋይ መታሰቢያ ተሠራ፤ በዚያም ላይ 18 ሟቾች በየስማቸው ተቀርጸዋል። በ12 ዓመት ውስጥ የሟቹ ቍጥር ከ15 ወደ 18 መውጣቱ በመቃብርና በመዝገብ መካከል የሚደረገው ምርመራ እንዳልቆመ ያሳያል። መታሰቢያውም የተሠራው በደረጃ ስለ ሆነ፤ አካለ ስንኩላን ሊወጡበት አይችሉም፤ ስለ እኩልነት የሞቱትን የሚዘክር ሐውልት እንዴት አንዱን ወገን ይከለክላል የሚል አቤቱታ ተነሣበት።

ጥጥ የጠፋበት ዘመን

በዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሌላም ነገር ተደርጓል። የማንቸስተር ጥጥ የሚመጣው በአብዛኛው ከአሜሪካ ነበር፤ የሚለቅሙትም ባሪያዎች ነበሩ። በ1861 የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የሰሜኑ ጦር የደቡቡን ወደቦች ዘጋ፤ ጥጡም ቀረ። በላንክሻየር ፋብሪካዎች ተዘግተው ብዙ መቶ ሺህ ሰው ለርዳታ ተዳረገ። በዲሴምበር 31 ቀን 1862 የማንቸስተር ሠራተኞች በፍሪ ትሬድ ሆል ተሰብስበው የባሪያን ነፃነት በመደገፍ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ደብዳቤ ጻፉ። ሊንከንም በጃንዋሪ 19 ቀን 1863 የምስጋና መልስ ሰጡ፤ ጆርጅ ግሪስዎልድ የተባለች መርከብም ለችግረኞቹ ዱቄት ጭና መጣች። የሊንከን ሐውልት ዛሬ በከተማዪቱ መካከል ቆሟል።

ይህ ትዝታ ማንቸስተርን የሚያኮራ ነው። ነገር ግን እውነቱ ሙሉ እንዲሆን፤ ከዚያው አካባቢ መርከቦቹ በኃይል ገብተው ጥጡን ያምጡልን የሚሉም እንደ ነበሩ መታወቅ አለበት። በ1821፤ ከፒተርሉ ሁለት ዓመት በኋላ፤ በማንቸስተር የተቋቋመው ጋርዲያን ጋዜጣም የሊንከን ተቃዋሚ ነበር። የጋዜጣው ባለቤት የሆነው ማኅበር ታሪኩን አስመርምሮ፤ መሥራቹ ጆን ኤድዋርድ ቴይለር በጥጥ ንግድ አማካይነት ከባሪያ ሥራ ጥቅም ያገኙ መሆናቸው ስለ ተረጋገጠ በ2023 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የራስን መዝገብ ገልጦ ማንበብ ቀላል ነገር አይደለም።

ከኛ አገር ጋራ ያላት ግንኙነት

በ1905 በዚያው አዳራሽ አንድ የፖለቲካ ስብሰባ ሲደረግ ሁለት ሴቶች ተነሥተው ለሴቶች የምርጫ መብት ትሰጣላችሁን ብለው ጠየቁ፤ ተይዘውም ታሰሩ። አንደኛዋ በ10 ዓመቷ በጥጥ ፋብሪካ ግማሽ ቀን መሥራት የጀመረችው አኒ ኬኒ ናት። ሁለተኛዋ ክሪስታቤል ፓንክረስት ነበረች። የክሪስታቤል እናት ወይዘሮ ኤመሊን ፓንክረስት ባላቸው ከሞቱ በኋላ በማንቸስተር የልደትና የሞት መዝጋቢ ሆነው ይሠሩ ነበር። ገና ልጅ የሆኑ እናቶች ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ሲመጡ የሚነግሯቸውን እየሰሙ፤ በ1903 የሴቶችን መብት የሚጠይቀውን ማኅበር በኔልሰን ስትሪት በሚገኘው ቤታቸው አቋቋሙ። የመዝገብ ቤት ሥራ አሰልቺ ነው የሚል ወጣት ሹም ካለ ይህንን ያስብ።

የክሪስታቤል እኅት ሲልቪያ ፓንክረስት በ1882 በማንቸስተር ተወልደው፤ በከተማዪቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተማሩ። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፤ በሜይ 5 ቀን 1936 ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ ማውጣት ጀምረው ለ20 ዓመት ያህል ስለ አገራችን ተከራከሩ። በ1956 መጥተው በአዲስ አበባ ተቀመጡ፤ በ1960 ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋራ ተቀበሩ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም ዕድሜአቸውን ሁሉ የኢትዮጵያን ታሪክ ሲመረምሩ ኖረው በ2017 በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ሌላም ግንኙነት አለ። በጊያና የተወለዱ አንድ ጥቁር ሰው ስለ ኢትዮጵያ ፍቅር ስማቸውን ራስ መኰንን ብለው ለውጠው በማንቸስተር ምግብ ቤቶች ከፍተው ነበር። ከነዚያም አንዱ የኢትዮጵያ ሻይ ቤት ይባል ነበር። በኦክቶበር 1945 ክዋሜ ንክሩማ፤ ጆሞ ኬንያታ፤ ጆርጅ ፓድሞርና ዱቦይስ የተገኙበት አምስተኛው የመላው አፍሪካ ጉባኤ በዚያች ከተማ ሲደረግ፤ ከዋናዎቹ አዘጋጆች አንዱ እኒሁ ሰው ነበሩ። የአፍሪካ ነፃነት መንገድ በከፊል በጥጥ ከተማ ውስጥ ተጠርጓል ማለት ነው።

ትዝታን የሚሰበስቡ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የድሮዎቹ መንደሮች ይፈርሱ ጀመር። ሂዩም በተባለው ሠፈር አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው፤ በ1972 ክሬሰንትስ የተባሉ ታላላቅ ጠማማ ፎቆች ተሠርተው አለቁ። እነዚያም ሳይመቹ ቀርተው ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ቆይተው ፈረሱ። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ፤ ከጎረቤት ጋራ ትዝታውም ሊበተን ሆነ።

በዚህ ጊዜ ነው ሰብሳቢዎች የተነሡት። ኤድመንድ ፍራው የተባሉ የብረት ሠራተኛና ባለቤታቸው አስተማሪዋ ሩት፤ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምረው የሠራተኛውን መጻሕፍት፤ የማኅበር ደብተርና በራሪ ወረቀት እየዞሩ ገዙ፤ ቤታቸው ከላይ እስከ ታች ወረቀት ሞላው። በ1987 ስብስቡ በሳልፎርድ ሕንጻ ተሰጥቶት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። በ1970ዎቹ ዓመታትም የማንቸስተር ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች በየቤቱ እየገቡ፤ የሽማግሌዎችን ቃል በቴፕ ቀዱ፤ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ቅጂውን እያነሡ መለሱ። ለአንድ አሮጊት ሸማኔ ይህ ምን ታሪክ አለው ብላ የምትንቀው የሠርግ ፎቶግራፍ፤ ለተመራማሪው የልብሱን፤ የጫማውንና የመንገዱን ሁኔታ የሚነግር ሰነድ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የኛ ምሳሌ ለጥጥ ከተማ ይስማማታል፤ እያንዳንዱ ትዝታ ቀጭን ክር ሲሆን፤ ሲሸመን ግን ሰሌዳ እስከ ማስለወጥ የሚደርስ ኃይል አገኘ።

እንግዲህ ከማንቸስተር የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ወጣቱ ሹም፤ የሚጽፈው ቃል ከእርሱ ዕድሜ በላይ እንደሚኖር ያስብ፤ ተበተነ ብሎ መጻፍና ተገደለ ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም። ሰማያዊውን ሰሌዳ የጻፈው ሰው ምናልባት ጠብ ላለማንሣት አስቦ ይሆናል፤ ግን 35 ዓመት ሙሉ የመንገደኛውን ዓይን ሸፈነ። ተማሪው ደግሞ በቤቱ ያሉትን ሽማግሌዎች ሳያልፉ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ከነቀኑና ከነስፍራው ይጻፍ። ርዳታ ለማከፋፈል ብለው የቁስለኞችን ስም የጻፉት ሰዎች ታሪክ እንጽፋለን ብለው አልተነሡም ነበር። ያደረጉት ስምና መንደር በትክክል መጻፍ ብቻ ነው፤ ይህም በቃ።